ጉም መዝገን

«ጉም ዘገነ» ይባላል ባገሬ፣
ልፋቱ መና ለቀረ፣
ጭብጡን ዘርግቶ ባዶ ለቆጠረ።
እኔ ግን ቬርቼሊ ከተማ፣ በወር ደመወዝ ተቀጥሬ፣
ሌሊት ሌሊት ጉም እዘግናለሁ
በሚሊ ሊትር ሰፍሬ።

የፕላስቲክ ብልቃጧን አንገት ቀንጥሼ፣
ጨው-ውኃውን ከመድኃኒቱ ጋር ከስኒዋ አፍስሼ፣
ጭምብሉን ለሲኞራ ኤርሜሊንዳ አልብሼ
ቁልፉን ስጫን
ይንደቀደቃል ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር፤
«ይህን አሳማ ዝም አሰኚው!» ይላሉ ከጭምብሉ ሥር።

ውጭ ሌላ ጉም አለ፣ ከሩዝ ማሳው ጭቃ ተነሥቶ፣
የደወሉን ማማ እስከ ወገቡ በልቶ፣
የሰው ቤት እንደሚሰልል ልጅ
አፍንጫውን መስኮታችን ላይ ደፍጥጦ።

እዚያ ማሳ ውስጥ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጎንበስ ብለው አርመዋል፤
ከዚያ ሠላሳ ዓመት የሩዝ መፈልፈያ አቧራ ምገዋል።
ሐኪሙ ፎቶውን ከብርሃን ፊት ሰቅሎ
«ያረጀ ከረጢት ነው» አለ፣ «አየር ይገባል፣ አይወጣም ቶሎ።»

የእሳቸው መድኃኒት ብዙ ነው፦
ራስጌ የሚቀመጥ የተከተፈ ሽንኩርት፣
በጨርቅ ደረት ላይ የሚታሰር ትኩስ የበቆሎ ገንፎ፣
ወተት በማር፣ ማሩ ለስሙ፣ ግራፓው ተርፎ።
የእኔም አያንስ፦
አክስቴ ትርንጎ በሰው እጅ የላከችው ጦስኝ፣
በጋዜጣ የተቋጠረ ጥቁር አዝሙድ፣
አንዲት ጠርሙስ የባሕር ዛፍ ዘይት፣
«ብርዱ ደረትሽን ሲይዝሽ» ብላ፣
ለእኔ እንጂ ለሌላ ደረት ያላሰበችው።

አንድ ሌሊት ሳላቸው ጠና።
ዘይቱን ከፍቼ ከማሽኑ ስኒ በላይ ቆምኩ።
አንዲት ጠብታ። ማን ያያል?
ከፈትኩ። ከደንኩ። ከፈትኩ።
ከደንኩ።

ጠዋት ፋርማሲ ሄጄ ለቪርጂኒያ ነገርኳት።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
«ዘይት? ሳንባ ውስጥ?» አለች፣
«ሳንባ ሰላጣ አይደለም፣ የኔ እመቤት፤
ሐኪም ከጻፈው ሌላ ቅንጣት አትጨምሪበት።
ጦስኙን በኩባያ ስጫቸው፣ እሱን ሆድ ይቀበላል፤
ስኒዋንም እጠቢ፣ ያልታጠበ ማሽን ራሱ ያሳምማል።»

ጦስኙን አፈላሁ። ሲኞራ አሸተቱ፣
«ፍየል፣ ፍየል ይላል» አሉ፤
እስከ አተላው ጨረሱት።
እኔም ለውለታቸው ሽንኩርታቸውን ራስጌዬ አኖርኩ፤
ሳሌ አልሄደም፤
እንቅልፌ ብቻ ሄደ ከሽታው ጋር።

በጥር መብራት ጠፋ።
አሳማው ቃሉን ሳይጨርስ ዝም አለ።
በጭምብሉ ውስጥ የነበረው ጉም ሳስቶ አለቀ፣
እጃቸው በጨለማው እጄን አነቀ።
ቀና አድርጌ ጀርባቸውን በደረቴ ደገፍኩ።
«ፍም ላይ እንዳለ አመድ ቀስ ብለው እፍ ይበሉ፣
እንዳይቦን፣ እንዳይነድ» ልላቸው ፈለግኩ፤
ጣልያንኛው ከአፌ ጠፋ።
በአማርኛ ቆጠርኩ፦
አንድ፣ ሁለት፣ በአፍንጫ።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣
በከንፈር፣ ቀስ፣ ቀስ።
ትንፋሻቸው አመለጠ፣
ተመለሰ፣
አመለጠ።
ጉም መዝገን ማለት ይሄኛው ነበር፣
በውሌ ላይ ያልተጻፈው።

መብራቱ መቼ እንደመጣ አላውቅም።
ማሽኑ በድንገት ሲያጉረመርም ሁለታችንም ዘለልን፤
ከዚያ ሳቅን፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣
ሳሉ ዞሮ ሳቅ።

እሑድ ልጃቸው ፋውስቶ ከሚላኖ መጣ፣ ኬክ ይዞ።
ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለ፦
እናቱ ለብቻቸው፣ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው፣
«አንዲ… ውለት… ሶስቲ…»
ፊቱ አመድ መሰለ። «መቃዠት ጀመረች እንዴ?»
አለኝ በሹክሹክታ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ።
«የለም» አልኩት፣ «ገና ሦስት ላይ ናቸው፤
ስድስት እስኪደርሱ ጠብቅ።»